ለታመመው መሣሪያ ሐኪም

እታለም፣ ስናደድ ሰዋስዌ እንደሚበላሽ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ዛሬ በጣም ተጠንቅቄ፣ በጣም በትሕትና ነው የምጽፈው። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ክሊኒክ ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ልብዎ ደህና ይመታል? ለወግ ያህል የጠየቅኩ እንዳይመስልዎ፤ ይህ ጥያቄ በጊዜው ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን እኛ ቤት ታይቷል።

እኔ የሟቿ ተማሪዎ፣ የእታለም፣ ታናሽ ወንድም ነኝ። እህቴ ለመመረቂያ ጥናቷ በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ የልብ ምት የሚያነብ መሣሪያ ትሠራ ነበር። ሽቦ በቀየረች ቁጥር መጀመሪያ የሚታሰረው እኔ እጅ ላይ ስለነበር «ናሙናዬ» ነበር የምትለኝ። አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. መሣሪያው ልቧ ምት እየዘለለ መሆኑን ነግሯት ወደ እርስዎ በመጣች ጊዜ፣ ደረቷን በማዳመጥ ስላላደከሟት አመሰግናለሁ። «ልጄ፣ የታመመው መሣሪያሽ ነው፤ እሱን አሳክሚው» ብለው ሸኟት። ነርሶቹም እንደሳቁ ነግራኛለች። እሷም ስትነግረኝ ስቃለች።

፪. ታዛዥ ስለነበረች አሳከመችው። ሽቦውን እንደገና በይዳ እኔ ላይ አሰረችው፤ ምቱ እኩል ነበር። ራሷ ላይ አሰረችው፤ ዘለለ። መልሳ እኔ ላይ አሰረችው፤ እኩል። «ናሙናዬ፣ መሣሪያው ጤነኛ ነው። እኔ ነኝ» አለችኝ። ይህን ይዛ ብትመለስ፣ የፈተና ጭንቀት ነው፣ ውሃ ጠጪ፣ ብለው ከወንበርዎ ሳይነሡ ከበር ስለመለሷት፣ በዚህም ራስዎን ከድካም ስላዳኑልን አመሰግናለሁ። የክሊኒኩ የልብ መመርመሪያ ማሽንም ከኋላዎ ከነላስቲኩ ተሸፍኖ እንደነበር ነግራኛለች። አቧራ እንዳይነካው ላደረጉት ጥንቃቄም አመሰግናለሁ።

፫. እዚህ ላይ ማመስገን አቃተኝ። በቤተ ሙከራው ወለል ላይ ወድቃ፣ ልቧ ቆሞ ስትገኝ መበየጃዋ ገና ትኩስ ነበር።

ለቅሶው ሳይበርድ፣ በእርስዎ ፊርማ በወጣ ደብዳቤ፣ መሣሪያው ለዩኒቨርሲቲው ዓውደ ርዕይ እንዲመለስ ተጠየቅን። ደብዳቤው «አስተማማኝ የተማሪ ፈጠራ» ይለዋል። እንኳን ደስ ያለዎ፤ መቼ ዳነ? የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዕይታ ሲቀርብ እርስዎ ለእህቴ የነገሯትን ቃል ከጎኑ ይለጥፉልኝ።

ዘመዶች ሄደው ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ መሣሪያውን ከጠረጴዛዋ አንስቼ እጄ ላይ አሰርኩት። ምቱ እኩል ነበር። እንደ ልማዴ ፈትቼ ወደ አልጋዋ ዘረጋሁት። የሚቀበለኝ እጅ አልነበረም። መልሼ አሰርኩትና ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ላልተገለጠው ማሽንዎና ለማይነቃነቀው ወንበርዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ናሙናው

ማስታወሻ፦ መሣሪያውን ቻርጅ አድርጌ ልኬልዎታለሁ። እጅዎ ላይ አስረውት ምንም ባያነብ ታሟል ብለው አይደናገጡ፤ የሚሠራው ልብ ሲያገኝ ነው።