«ድምፁን ቀንሱ» ሲባሉ የኖሩት የአቶ ኤውሴቢዮ ባሊንጊት የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤውሴቢዮ ባሊንጊት ከአባታቸው ከአቶ ሲሞን ባሊንጊትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፌሊሳ ኪያምባዎ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1948 በፓምፓንጋ ግዛት፣ በማሳንቶል ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ፣ ከወንድ ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነበሩ። አባታቸው በአዘቦት ቀን የዓሣ ኩሬ ይጠብቃሉ፤ በበዓልና በቀብር ቀን ከከተማው የነሐስ ባንድ ጋር እየዞሩ ክላርኔት ይነፋሉ። ልጃቸውንም በስድስት ዓመቱ ትንፋሽ አያያዝ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው።

አቶ ኤውሴቢዮ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በትውልድ ከተማቸው ተከታትለው፣ በ1966 ምህንድስና ሊያጠኑ ማኒላ ገቡ። ትምህርቱን በዓመቱ አቋረጡ። ለምን እንዳቋረጡ በቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ይወራል። እርሳቸው የሒሳብ መምህሩ ዓይንህን ለአፈር ብሎኝ ነው ይሉ ነበር፤ ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ አውሮራ ደግሞ ለትምህርት በተላከላቸው ገንዘብ ሳክስፎን ገዝተውበት ነው ይላሉ። አባታቸው ልጃቸው በመጠጥ ቤት መጫወት መጀመሩን ሲሰሙ ያሉት ቃል እስከ ዛሬ አልተረሳም፤ «መለከት ወይ ለእግዜር ነው፣ ወይ ለሬሳ ነው። ለሰካራም የተሠራ መለከት የለም።» ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

በ1970 አቶ ኤውሴቢዮ ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር «ሃባጋት» የተባለ ባንድ መሥርተው በአንድ ሆቴል ለመጫወት ወደ ሆንግ ኮንግ ሄዱ። የባንዱ ከበሮ መቺ የካቪቴው ተወላጅ አቶ ዶሚንጎ ሳልቫቲየራ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአርባ ሦስት ዓመት አንዱ ያለ ሌላው መድረክ ላይ አልወጡም።

በውጭ አገር ያሳለፉትን ሃያ አንድ ዓመት እርሳቸው ሲያስታውሱ ከተማዎቹን የሚለዩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም በሉ በተባሉበት መንገድ። በሆንግ ኮንግ የሆቴሉ ኃላፊ የኖታ መደገፊያቸው ላይ «ቀስ» የሚል ካርድ ያስቀምጡላቸው ነበር። በሲንጋፖር ባንዱ ዘፈን ሲያደምቅ አስተናጋጅ እየመጣ በእጁ አየሩን ወደ ታች ይጫን ነበር። በጃካርታ ሳክስፎኑን ፎጣ ወትፈው እንዲነፉ ታዘዙ፤ ሦስት ወርም ነፉ። በባንኮክ ደግሞ መድረኩ ከትላልቅ የአበባ ማሰሮዎች ጀርባ ነበር። በ1978 በዚሁ በባንኮክ የቤቱ ኃላፊ ጠርተው፣ እንግዶች ሲያወሩ የሳክስፎኑ ድምፅ ጣልቃ እየገባባቸው ተቸግረዋል ቢሏቸው፣ አቶ ኤውሴቢዮ ታግሰው ሰሙና፣ «ታዲያ እኛን ምን አስቀጠረዎት? አበባ ቢገዙ አይሻልም ነበር?» አሏቸው።

ኃላፊው ሳይቆጡ፣ «አበባውማ አለ» ብለው መለሱ።

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ እየሳቀ ይሰማው ነበር። እርሳቸው ግን ሲያወሩት አይስቁም። የራሴ በር ያለው ቤት እስክከፍት ድረስ ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ የአዳራሽ ዕቃ ነኝ ይሉ ነበር።

በ1976 የባንዱ ዘፋኝ ከነበሩት፣ ሰው ሉሚንግ ከሚላቸው ከወይዘሮ ኢሉሚናዳ ማግሲኖ ጋር በማሳንቶል ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሮዌናን፣ ዳንቴንና ሊጋያን ወለዱ። ይህን ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው የእህታቸው ልጅ፣ ወይዘሮ ሉሚንግን ሳያስፈቅድ የማይጽፈው አንድ ነገር ነበር፤ እርሳቸውም ጻፈው ብለዋል። ወይዘሮ ሉሚንግ ከባንዱ ሁሉ የላቀ ተሰጥኦ ነበራቸው። ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ዘፈናቸውን ትተው አገር ቤት ገቡ። መተው ይፈልጉ እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ባላቸውም አልጠየቁም። አቶ ኤውሴቢዮ ይህ የገባቸው ካረጁ በኋላ ነው። በእርጅና የገባ ነገር ደግሞ ከቁጭት በቀር የሚያፈራው ጥቂት ነው።

በ1991 ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1993 በማኒላ፣ በማላቴ ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ጎዳና ላይ የአንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤት ተከራይተው «ሲሎንግ» የተባለውን የሙዚቃ ቤታቸውን ከፈቱ። ሲሎንግ ማለት ጥላ፣ መጠለያ ማለት ነው። ቤቱ አርባ ወንበር፣ አንድ መድረክና አንድ ወጥ ቤት ነበረው። ቴሌቪዥን አልነበረውም። በማሽን እየታገዙ መዝፈን ክልክል ነበር። ባንዱ ሲጫወት የሚያወራ እንግዳ አይባረርም፤ ነገር ግን ከወጥ ቤቱ ወይዘሮ ሉሚንግ በመጋረጃው ቀዳዳ ያዩትና ያዘዘው ሲሲግ የተባለው የአሳማ ሥጋ ጥብስ ይዘገይበታል። የማላቴ ሰው ይህን ሕግ ስላወቀው፣ «ዝም በል፣ ሥጋችንን ልታስከለክለን ነው» ይባባል ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ መድረኩ ለወጣቶች ክፍት ነበር። ዛሬ በየከተማው ከሚጫወቱት መካከል ስንቶቹ በዚያ መድረክ ላይ ጀምረዋል። ሰፈሩም ሰውዬውን «ማንግ ሴቢዮ» እያለ እንደ አባት ያከብራቸው ነበር። እስከ 2011 ድረስ ያሉት እነዚያ አሥራ ስምንት ዓመታት በሕይወታቸው ማንም ድምፅ ቀንሱ ያላላቸው ብቸኛ ዓመታት ናቸው።

በ2009 ከሲሎንግ ጎን በነበረው ጋራዥ ቦታ ላይ የሠላሳ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ መሠረት መቆፈር ተጀመረ። ብረት ወደ መሬት የሚቀጠቅጠው መሣሪያ ከንጋት ጀምሮ ይመታ ነበር፤ የቤቱ ብርጭቆ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ይጨፍር ነበር። አቶ ኤውሴቢዮ ለቀበሌው ሦስት ጊዜ አመለከቱ። ልማት ነው፣ ትንሽ ይታገሡ ተባሉ። ታገሡ። በ2011 ሕንጻው አልቆ ሰው ገባበት፤ በስድስተኛው ወር ሃያ ሰባት ነዋሪዎች የፈረሙበት የአቤቱታ ወረቀት ሲሎንግ ደረሰ። ጉዳዩ የሙዚቃው ጩኸት ነበር።

በቀበሌው ሸንጎ አቤቱታውን ያቀረቡት ከአራተኛው ፎቅ ነዋሪ፣ ጡረተኛዋ መምህርት ወይዘሮ ፔርፔቱዋ ሎክሲን ነበሩ። አቶ ኤውሴቢዮ እኛ ቀድመን ነበርን ብለው ማስረዳት ሲጀምሩ፣ ወይዘሮ ፔርፔቱዋ አቋረጧቸው፤ «ቀድመው መምጣትዎ የእኔን እንቅልፍ አይመልስልኝም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያ መዶሻ ናላዬን ሲያዞረው እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤቱን ገና አልገዛሁም ነበራ።»

አቶ ኤውሴቢዮ ጥፋቱ የእርሳቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ የሴትዮዋም እንዳልሆነ ያውቃሉ። ያናደዳቸውም ይኸው ነበር። የሚቆጡበት ሰው አጡ።

ቀበሌው ድምፅ የሚለካ ባለሙያ ላከ። ሰውየው የመጡት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ባንዱ ሳይጀምር ነበር። መለኪያውን በሩ ላይ ይዘው ቆሙ፤ በጎዳናው ጂፕኒ የሚሉት ታክሲ ያልፋል፣ ሞተር ብስክሌት ያልፋል፣ ከሕንጻው ሥር የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል። መለኪያው ከተፈቀደው በላይ አሳየ። አቶ ኤውሴቢዮ ሳክስፎናቸው ገና ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ አሳዩዋቸው፤ ወንበሮቹም ጠረጴዛ ላይ እንደተሰቀሉ አሳዩዋቸው። ባለሙያው አዘኑላቸው። ቅጹ ላይ ግን የቤቱ ስም የሚጻፍበት መስመር እንጂ የጎዳና መስመር የለም ብለው፣ ሲሎንግ ከልክ አልፏል ብለው ጽፈው ሄዱ። ስለዚያ ወረቀት አቶ ኤውሴቢዮ አራት ደብዳቤ ጻፉ። የአንዱም መልስ አልመጣም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱን ማፈን ተጀመረ። ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን ለበሰ፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፤ መስኮቱ በጡብ ተዘጋ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ስላለ እንግዳው በየተራ ደጅ እየወጣ መተንፈስ ጀመረ፤ ደጅ ሲወጣ ያወራል፤ ወሬው አዲስ አቤቱታ አመጣ። የባስ ጊታሩ ድምፅ ማጉያ ተነሣ። በመጨረሻ ተራው የከበሮው ሆነ።

በፌብሩዋሪ 2013 አንድ ሐሙስ ዕለት፣ በልምምድ ላይ፣ አቶ ኤውሴቢዮ አቶ ዶሚንጎን በትሩን ትተው በጣታቸው እንዲመቱ ጠየቋቸው። አቶ ዶሚንጎ የሰሙ አልመሰላቸውም።

«ምን አልከኝ?»

«ትንሽ ቀንስ ነው ያልኩህ፣ ዶሜንግ። እስኪያልፍ ነው።»

አቶ ዶሚንጎ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ከበሮ ነው የምመታው፣ ሴቢዮ። ሊጥ አይደለም የማቦካው» አሏቸው። ይህን ብለው በትሮቻቸውን በሸሚዛቸው ጠቅልለው በካናቴራ ብቻ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሄዱ። አቶ ኤውሴቢዮ ከኋላቸው አልተከተሉም። ያን ዕለት ማታ ለባለቤታቸው የነገሯቸው፣ ዶሚንጎ ስለሄደ እንዳልደነገጡ፣ ያቺን ቃል በገዛ አፋቸው በማውጣታቸው ግን እንደ ደነገጡ ነበር።

ያለ ከበሮ ሲሎንግ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቆየ። እንግዳው የማንኪያውን ድምፅ ከሙዚቃው በላይ እየሰማ ይበላና ይሄድ ነበር። በጁን 2014 ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቶ ቤቱ ተዘጋ። ዛሬ ፋርማሲ ነው።

በዓመቱ የዚያው ሕንጻ አስተዳደር በምድር ቤቱ ካራኦኬ ከፈተ። በማሽን እየታገዘ የሰከረ ሁሉ የሚጮኽበት ቤት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ፔርፔቱዋ ሎክሲን ጃንጥላቸውን ይዘው የእነ አቶ ኤውሴቢዮን በር አንኳኩ። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ ሊጠይቁ ነበር የመጡት። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ይዘጋባቸው ነበር። አቶ ኤውሴቢዮ ወንበር ሰጥተው፣ የሸንጎውን አካሄድ አንድ በአንድ አስረዷቸው፤ በቀጠሮውም ቀን አብረዋቸው ቀረቡ። ተሸነፉ። ሕንጻው በራሱ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ የነዋሪውና የባለቤቱ ነው ተባለ። ወይዘሮ ፔርፔቱዋ በመንገድ ላይ፣ «ያኔ ባልፈርም ኖሮ ቢያንስ ዜማ ያለው ነገር እሰማ ነበር» ሲሏቸው፣ እርሳቸው፣ «ያኔም አይሰሙትም ነበር፣ መምህርት፤ ይተኙ ነበር» ብለው መለሱላቸው። ወይዘሮ ፔርፔቱዋ ዛሬ በመካከላችን አሉ።

አቶ ኤውሴቢዮ በ2017 ከአቶ ዶሚንጎ ጋር ለመታረቅ በአውቶቡስ ወደ ካቪቴ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጀመሪያው ቀን አቶ ዶሚንጎ ከክፍላቸው አልወጡም፤ ባለቤታቸው ምሳ አቀረቡ፤ አቶ ኤውሴቢዮ በልተው ተመለሱ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ከክፍል ያልወጡበት ምክንያት ኩርፊያ ብቻ እንዳልነበረ ያን ዕለት ታወቀ። በስትሮክ ምክንያት ግራ እጃቸው ሞቶ፣ ለማሳየት አፍረው ነበር። አቶ ኤውሴቢዮ ይቅርታ ጠየቁ፤ አቶ ዶሚንጎም ይቅር አሉ። ይቅርታው ግን ያንን እጅ አልመለሰውም፤ ሁለቱ ዳግመኛ አብረው አልተጫወቱም። አራቱን ዓመት በኩራት ያባከኑት ሁለቱም ናቸው። ይህ የሚጻፈው ሙት ለመውቀስ አይደለም፤ አቶ ኤውሴቢዮ ራሳቸው በየቀኑ የሚሉት ስለነበረ ነው።

በ2019 መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሙ ሳንባቸው በጭስ እንደተጎዳ ነግረው በቀን ስንት ሲጋራ ያጨሱ እንደነበር ጠየቁ። በሕይወታቸው አንድም አላጨሱም። አርባ ዓመት ሙሉ በየቡና ቤቱ ሌላው ሲያጨስ እርሳቸው ሲተነፍሱ ኖረዋል። «የሰው ነው ያጨስኩት» አሉ። ቤተሰቡ በአገር ውስጥ ባለው ሕክምና ሁሉ ቢረዳቸውም ሕመሙ እየጠናባቸው ሄዶ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2020 ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ።

አቶ ኤውሴቢዮ ቁጡ፣ ግትር፣ ለተማሪ ግን የማይሰለቹ ሰው ነበሩ። ከመሞታቸው ሳምንት በፊት ወይዘሮ ሉሚንግን፣ ያኔ መዝፈን መተው ትፈልጊ ነበር ወይ ብለው ጠየቋቸው። ወይዘሮ ሉሚንግ አልፈልግም ነበር ብለው እውነቱን ነገሯቸው። ከዚያም በሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ቆመው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈኑላቸው። ነርሷ ሌሎች ሕመምተኞች እንዳሉ ለማሳሰብ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ምንም ሳትናገር ዘፈኑ እስኪያልቅ ሰማችና ሄደች።

አቶ ኤውሴቢዮ ባሊንጊት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኢሉሚናዳ ማግሲኖ፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ከእህታቸው ከወይዘሮ አውሮራ፣ እንደዚሁም በሥጋ ባይወለዱም ከወንድም ከማይለዩት ከአቶ ዶሚንጎ ሳልቫቲየራ ተለይተዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን በሙሉ ትንፋሽ ያሳርፍ። ለቀረነውም፣ ልንጠይቅ የሚገባንን ሰው በጊዜው የምንጠይቅበትን ልብ ይስጠን።