ጆንያው ሳይደርስ ስለተሻገረው ጠጠር

ይድረስ ለተከበሩት የፋይል ሥርዓቱ የለውጥ ገምጋሚ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ዓይንዎ ደህና ነው? ልጄ የኮድ ማስተካከያ ከላከችልዎ ሰባት ወር ስላለፈ ለዓይንዎ ሰግቼ ነው እንጂ፣ በሥራዎ መግባትስ አልደፍርም።

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን የጠበቅኩ ሽማግሌ ነኝ። የምናገረው እኔ፣ የምትጽፈው የክሊኒኩን ማሽኖች የምትጠብቀው ልጄ ናት። በእኔ መጋዘን ጆንያ ከመነሳቱ በፊት ጠጠር በግራ ጣሳ ይጣላል፤ ጆንያው ቦታው ደርሶ በእጄ ስዳብሰው ጠጠሩ ወደ ቀኝ ጣሳ ይሻገራል። መሀል ላይ ዝናብ ቢበትነን፣ ስንት ጆንያ መንገድ እንደቀረ ግራው ጣሳ ይነግረኛል። የክሊኒኩ ማሽኖች መዝገብ የሚያስቀምጡበት የእርስዎም ሥርዓት፣ መብራት ቢሄድ ሥራው እንዳይጠፋበት፣ እንዲሁ አስቀድሞ ይመዘግባል አሉ። ታዲያ ጽሑፉ ቦታው ሳይደርስ ተጽፏል ይላል፤ ጆንያው ገና ትከሻ ላይ እያለ ጠጠሩን ያሻግራል! የልጄ ማስተካከያ ይህንኑ የሚያቀና ነው። እኔ በእንዲህ ያለ ጥፋት ሰው አባርሬያለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ወር አንድ መርፌ ባለቤቴን አልስማማ አላት። ይኸው በክሊኒኩ ማሽን ሲመዘገብ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ ተጽፏል ብሎ ማለ፤ ገጹ ግን ባዶ ነበር። በሳምንቱ ሌላ ሐኪም ባዶውን አምኖ ያንኑ መርፌ ደገመላት። ፊቷ አብጦ ሦስት ቀን ተኛች። ማስተካከያው ያኔ እጅዎ ከገባ ስድስት ወር ሞልቶት ነበር።

ሁለተኛ፦ በሁለተኛው ወር መልስዎ ሲመጣ እልል ልንል ነበር። በኮዱ ቃላት መሀል ባዶ ቦታ በዛ ብለው ነበር፤ ልጄ አጠበበች። በአራተኛው ወር የማስተካከያው ስም ረዘመ አሉ፤ አሳጠረች። ስለ ጠጠሩ አንድ ቃል የለም። ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ቤት ሲቃጠል ደጃፍ የሚጠርግ ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

ሦስተኛ፦ ማክሰኞ ባለቤቴ ክሊኒኩ ቀጠሮ አላት። ክሊኒኩ እርስዎ ያላጸደቁትን ማስተካከያ ማሽኖቼ ላይ አልጭንም ብሏል። የመርፌውን ነገር ዳግም አስመዝግበናል፤ ተጻፈ ብለውናል። ተጻፈ ማለትን ግን ከእርስዎ ወዲህ ፈራሁት። አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። ባለቤቴ መብራት ኃይል የቀጠረህ መሰለኝ እያለች ትስቅብኛለች። እኔስ ቀድሜ ሄጄ በአፌ እናገርላታለሁ። ተናጋሪ ለሌለው በሽተኛ ማን ይናገርለት?

ትከሻው ጎብጦ ጣሳው ያልተሳሳተ፣ ጊዜዎን በመሻማቱ እጅግ የሚያፍር፣

የመጋዘኑ ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አውራ ጣቴን እዚህ ያሳረፍኩት ልጄ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብባልኝ ከጨረሰች በኋላ ነው። እኔ የማላነበው ስለማልችል ነው። የእርስዎን ምክንያት እስከ ማክሰኞ ቢያሳውቁኝ።