የእትዬ መስኮት

ወንድም ጋሼ፣

እግርህን አፍታትተህ ስትመለስ በሩን በሌላ በኩል ብታገኘው አትደንግጥ። ባለጎማዋን ቤታችንን ያዞርኳት እኔ ነኝ። የእትዬንም መስኮት ከውጭ በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ።

ትቆጣለህ። ተቆጣ።

ሚስትህ እትዬ ካለፈች ወዲህ «ጀምበር ስትጠልቅ የምታይበት ነው» እያልክ መጋረጃውን እንኳ አላስነካ አልከኝ። በዚህ በረሃ ከሰዓት ከሰዓት ፀሐዩ በእሱ እየገባ የምንቀመጠው ምድጃ ውስጥ ነው። እሷ ብትኖር ቀድማኝ ትሸፍነው ነበር። ሳላስፈቅድህ ማድረጌ ግን ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጎረቤታችን ጡረተኛው ወደ ከተማ ሲሄድ አብሬው ወጥቻለሁ። በረዶና ለጣሪያው ማራገቢያ አዲስ ሞተር ይዤ እመጣለሁ።

አንሶላው ባልዲ ውስጥ ተነክሯል፤ ጨመቅ አድርገህ በሩ ላይ ስቀለው፣ ንፋሱ በእሱ አልፎ ይግባ። ሻይ ካማረህ ውጭ አፍላ። ውሃ ሳይጠማህ ጠጣ። «ዕድሜዬን ሙሉ በረሃ ለበረሃ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ» የምትለዋን ለሌላ ሰው ንገር።

ቤታችንን መልሰህ እንዳታዞራት የመኪናዋን ቁልፍ ይዤዋለሁ። አትፈልገው።

ትላንት መስኮቱ ሥር ወድቀህ አግኝቼህ ራስህ ላይ ውሃ ሳፈስ በእትዬ ስም ጠራኸኝ። ደጋግመህ ጠራኸኝ። ዝም ብልህ ሄደህ የምትፈልጋት መስሎኝ «አቤት» አልኩህ።

ሁለተኛ እንዲህ አቤት አታሰኘኝ።

እህትህ