ከአራት ሰዓት በኋላ የወደቁ ኮከቦች

ለክቡር ሲኞር፣ የከተማው ማስታወቂያ ሹም፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጎንደር ብርድ ጉልበትዎን፣ ጭቃውም ጫማዎን እንዳይደፍርብዎ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ኮርቻ ሰፊው ቢያዝን፣ ይህችን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ሥር የምለጥፋት ስለ ሌላ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ሚስማር ነው። ወታደሮችዎ ማስታወቂያውን በደጄ መዝጊያ ላይ ሲመቱ አራት ሚስማር ፈጁ። ለአንዲት ወረቀት ሁለት ይበቃት ነበር።

ሚስማሩን ካነሣሁ አይቀር፣ ወረቀቱ ስለሚለውም ጥቂት ልጨምር።

፩ኛ. ነሐሴ ፭ ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ኮከብ እንደሚዘንብ፣ ሕዝቡም አደባባይ ወጥቶ እንዲያይ ሰዓት እላፊው ለዚያች ጊዜ ብቻ መነሣቱን አበሠሩን። ወጣን፤ ዘነበም፤ ነገር ግን ውሃ ነበር። በአገርዎ ነሐሴ ጥርት ያለ ሰማይ አለው ይላሉ፤ የእኛው ነሐሴ ማስታወቂያዎን ሳያነብ ቀርቷል። ከባለቤቴ ከእንኳየሁ ጋር በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን ሁለት ሰዓት ሙሉ ደመና ስላየን፣ ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተን ቆመን አናውቅምና እጅግ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. የባለቤቴ ወንድም አያ ዋኘው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነው። ሠላሳ ዓመት በፍልሰታ ጾም ሌሊት እየተነሣ፣ የደወሉን ሰዓት በኮከብ ሲለይ ኖሯል። ወረቀትዎ ሲነበብለት፣ «ምነው እነዚህ ሰዎች ቸኮሉ? ኮከቦቹ የሚወረወሩበት ወገን ከፍ የሚለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ዝናቡም የሚያባራው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ብሎ ስቆ ነበር። እንዳለውም ሆነ። በዘጠኝ ሰዓት የይለፍ ወረቀቱን ይዞ ወደ ደወሉ ሲሄድ ሰማዩ ጠርቶ አገኘው፤ ቆሞም በጣቱ እያመለከተ ይቆጥር ጀመር። ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርስ ወታደሮችዎ ያዙት። የይለፍ ወረቀቱ መሄድን እንጂ መቆምን አይፈቅድም፤ ኮከቡም በአራት ሰዓት አልቋልና፣ ሰውዬው በጣቱ የጠቆመው በወገራ ተራራ ላሉት ሽፍቶች ነው ተባለ። ያልተፈቀደ ኮከብ ከማየት ስለጠበቁን ምስጋናችን የላቀ ነው። ይሁን እንጂ ሐሙስ በካሚዮን ወደ ሩቅ ወህኒ ይጫናል መባሉን ሰምተን፣ እንኳየሁ እህል ከቀመሰች ሁለት ቀኗ ነው።

፫ኛ. ደወሉን አሁን የምደውለው እኔ ነኝ። ፊደልን ያለ መምህር የለየሁ ሰው ኮከብም አያቅተኝም ብዬ ነበር። ትናንት ግን ካህናቱን በእኩለ ሌሊት ቀስቅሼ፣ እስኪነጋ ሲረግሙኝ አደሩ። የእርስዎም ሰፈር ለደወሉ ቅርብ ነውና፣ እንቅልፍዎን ከካህናቱ ጋር ስለተካፈሉ ደስ ብሎኛል።

አያ ዋኘው ከሐሙስ በፊት ይለቀቅልን ዘንድ እየለመንሁ፣ ለከፍተኛ ሹመትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ከዝናቡ ገና ያልደረቅሁ አገልጋይዎ፣
ቢያዝን ኮርቻ ሰፊው
ጎንደር፣ ነሐሴ ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ቀለሙ ሳይደርቅ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት እርስዎ ነዎት፤ ወታደር የለ፣ አስተርጓሚ ብቻ። ያለ ማስታወቂያ ስለመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ በደኅና ሰዓት ደረሱ። ኮፍያዎን አውልቀው፣ «ደወሉን አሁን የምትደውለው አንተ ነህ አሉኝ። እኔም እኮ አንድም ኮከብ አላየሁ፤ ገና የሚወድቅ ቀርቶ ይሆን? በስንት ሰዓት ልውጣ?» አሉኝ። ጥቂት ኮከብ ገና እንደሚቀር፣ ሰዓቱን የሚያውቀው ሰው ግን ቁልፉ በእርስዎ ኪስ ያለ ቤት ውስጥ መሆኑን ነገርሁዎ። ኮፍያዎን መልሰው ደፍተው ወደ ወህኒው መንገድ ዞሩ፤ እንኳየሁም የወንድሟን ጋቢ አንሥታ ከኋላዎ ወጣች።