ሁልጊዜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ስለሚጫወተው ባንድ

ግንቦት 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለክቡር የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አዲስ አበባን አንደኛ ያደረገውን ባንድ ስለ ማመስገን እና አንዱ አባል እንዲሞት ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን፣ መላ ቤተሰብዎን፣ እንዲሁም ከወንበርዎ ጀርባ በመስታወት ተገጥሞ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ ምስጋና ለፈጣሪ ይድረሰውና ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል መናደድ ካቆምኩ ሦስት ወር ሆኖኛል ማለቴ ነው፤ ጠዋት እነሣለሁ፣ ከምሠራበት መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ ምሳ ምን እንደበላሁ ማታ አላስታውሰውም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ንዴት ያጻፈው እንዳይመስልዎ በትሕትና አሳስባለሁ።

የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ በቀበሌው በር ላይ ስለምለጥፍ፣ ቆሞ የሚያነበው መንገደኛ እንዳይቸገር ራሴን ላስተዋውቅ። ገሠሠ እባላለሁ፤ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት እስከ ተለወጠበት እስከ ግንቦት 1983 ድረስ በዚህ ቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ሳክስፎን እነፋ ነበር። አምስት ነበርን። በንቲ ትራምፔት፣ ሰዒድ ጊታር፣ ፍሮምሳ ቤዝ፣ ሚሳኤል ድራም። ሥራችን ካኪ ለብሶ በበዓል ቀን ሰልፍ ማድመቅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ልምምዱ አልቆ ኃላፊው ቁልፉን ለበንቲ ጥሎለት ሲሄድ፣ መስኮቱን ዘግተን ማንም ያላዘዘንን እንጫወት ነበር። ዘፋኝ የለም፣ ኖታ የለም። በንቲ በባቲ ቅኝት አንዲት ሐረግ ይጥላል፣ እኔ ከሥሯ አነሣታለሁ፣ ሰዒድ በጊታሩ ያጣምማታል፣ ፍሮምሳ መንገድ እንዳንስት ከኋላ ይከተለናል፣ ሚሳኤል ደግሞ ሁላችንም የደከመን ሲመስለው ነው ድራሙን የሚያጠብቀው። በዘጠኝ ሰዓት የተጀመረች ዜማ ሴቶቹ ከብስራተ ገብርኤል የሠርክ ጸሎት ሲመለሱ ገና አላለቀችም። ማን መቼ እንደሚገባ የሚወስን አልነበረም፤ አንዱ ሌላውን ይሰማዋል፣ በቃ። በሕይወቴ ሳላስፈቅድ የተናገርኩት እዚያች አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ የሙዚቃ ዕቃዎቹ በአዳራሹ ጓዳ ተቆለፈባቸው። በዚያን ዕለት በንቲ የትራምፔቱን አፍ፣ ማለትም ከንፈር የሚገጥምበትን ትንሽ ብረት፣ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ትራምፔት የጋራ ይሆናል፣ አፍ ግን የጋራ አይሆንም አለ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ከፉሪ የወንድሙን ላሞች ወተት በአህያ እያመጣ ሲያከፋፍል ያቺ ብረት ከኪሱ ተለይታ አታውቅም።

አሁን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሰው ያለ ቁጥር አይሆንለትም።

1ኛ. ከተማችንን ስላስከበሩልን አመሰግናለሁ። በጥር 1990 ዓ.ም. ከበላይ አንድ ቅጽ መጣ፤ ከአገራችን ከተሞች ሕያው የሆነ የባንድ ሙዚቃ ያለው የትኛው ነው የሚል። እርስዎም እኔንና በንቲን ቢሮዎ ጠርተው ሻይ አዘው የድሮውን ጠየቁን። እኔ ሞኙ ቅዳሜዎቹን አንድ በአንድ ነገርኩዎት፤ በንቲማ ዜማዋን በፉጨት አሰማዎት። እርስዎም ያልነውን ሁሉ ሳያዛንፉ ጻፉት፤ የለወጡት ዓመቱን ብቻ ነው። «በቀበሌያችን አምስት ሙዚቀኞች ሁልጊዜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ያለ ኖታ፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ ይጫወታሉ» ይላል ሪፖርቱ። እንዲህ ያለ ያማረ አማርኛ ከቀበሌ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ናዝሬትንም፣ ባሕር ዳርንም፣ ድሬዳዋንም አስከትለን አንደኛ ወጣን። የምስክር ወረቀቱ በተሰጠበት ቀን የሕያው ሙዚቃ ከተማ መሆናችንን በካሴት ሙዚቃ ማክበራችንም አይረሳኝም፤ ካሴቱ መሐል ላይ ሲጣመም ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ።

2ኛ. ፍጹም ሐቀኛ መስዬ እንዳልታይ የራሴንም ላስመዝግብ። ፈርመናል። ቅጹ ካለፈ አዳራሹ ይከፈታል፣ ዕቃዎቹም ይወጣሉ ስላሉን ፈርመናል። ሰዒድ ድሬዳዋ ሄዶ የጭነት መኪና መንዳት ከጀመረ ስድስት ዓመት ስለሆነው በእርሱ ቦታ እኔ ፈረምኩ፤ እንዲህ ሆኖ አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ ድሬዳዋን ሁለተኛ አስወጣት። ሚሳኤል በ1986 ዓ.ም. ስለሞተ በእርሱ ቦታ በንቲ ፈረመ፤ ቢኖር አይቀየመኝም እያለ ይስቅ ነበር። እኔም አብሬው ስቄያለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ሞኙ ይኸው እየጻፈልዎ ነው።

3ኛ. ለማመልከቻዎቻችን ስለሰጡን መልስ አመሰግናለሁ። በመስከረም ወር በንቲ ኩላሊቱን ታመመ፤ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ እንደሌለው ለባለቤቱ ለጤናዬ ነገሯት፤ እርሷም ለእኔ ነገረችኝ፤ እርሱ ግን ሳይነገረው ያውቅ ነበር። ከአልጋው ላይ ሆኖ የጠየቀው አንድ ቅዳሜ ነው፣ ያውም አንድ ሰዓት። እኔ መንፋት ባልችል እንኳ እናንተ ስትጫወቱ ልስማ አለ። ሰዒድ በሚመለስ ጭነት ሊመጣ፣ ጎፋ ጥበቃ የሚሠራው ፍሮምሳም ተረኛነቱን ሊቀያየር ተስማሙ። አዳራሹንና ዕቃዎቹን ለአንድ ቀን እንድንዋስ ማመልከቻውን በንቲ ራሱ በእጁ ጻፈው። በስምንተኛው ቀን የደረሰው መልስ በእጄ ስለሚገኝ ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ፦ «የጠየቁት ትራምፔት ሁልጊዜ ቅዳሜ በባንዱ አባል በአቶ በንቲ እጅ በአገልግሎት ላይ የሚገኝ በመሆኑ ለሌላ ግለሰብ ማዋስ የማንችል መሆኑን እንገልጻለን።» የተጻፈው ለአቶ በንቲ ነው። ሳነብለት ጣሪያውን እያየ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ አለ፤ ከወተት ነጋዴ አፍ ስለወጣ ጤናዬ እያለቀሰች ሳቀች።

ለሁለተኛው ማመልከቻ አዳራሹ ሲለቀቅ ተመለሱ ተባልን። ለሦስተኛው መልስ አልመጣም። አዳራሹ ለቪዲዮ ቤት ስለተከራየ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የሕንድ ፊልም ይታይበታል፤ ስለዚህ በተባለው ቀንና ሰዓት ከአዳራሹ ዘፈን አይሰማም ብዬ ሪፖርትዎን ላስተባብል አልችልም፣ ይሰማል። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግን በር ላይ ጠብቃ፣ «ጋሼ ገሠሠ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ልቤም ከናንተ ጋ ነው፣ ፊርማው ግን ሰውየው ጋ ነው» አለችኝ። ስለ እርሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ልጆች አሏት።

4ኛ. በንቲ የካቲት ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት ሞተ። በማግሥቱ ብስራተ ገብርኤል ቀበርነው። ለእርሱ የተነፋለት የዕድር ጥሩምባ ብቻ ነው፤ ነፊውም አርጅቶ ትንፋሹ እያጠረ አንዷን ድምፅ ሦስት ቦታ ይቆራርጣት ነበር። በንቲ ቢሰማው ያርመው ነበር። እኔ አላለቀስኩም፤ ይህን የምጽፈው ጀግና ለመባል ሳይሆን ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም ስለማይሰማኝ ነው። ቀበሌው በቀብሩ ላይ አልተገኘም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሊቀበር አይችልምና ባለመገኘትዎ አልቀየምም፤ ከመዝገብዎ ጋር የተስማማ አቋም ነው።

5ኛ. ከሁሉ የበለጠው ምስጋናዬ ይህ ነው። ጤናዬና በንቲ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖሩበት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውሉ በበንቲ ስም ነው። በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት እስከ ሰኔ 30 ድረስ የሞት ማስረጃ አቅርባ ውሉን ወደ ስሟ ካላዛወረች ቤቱ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለሌላ ይሰጣል። የሞት ማስረጃ የሚሰጠው ደግሞ ቀበሌው ነው። አራት ጊዜ ተመላልሳለች። በአራተኛው ጊዜ፣ ባንዱን ለማየት በሰኔ መጨረሻ ልዑካን እንደሚመጡ፣ የአንድ አባል መጉደል የከተማውን ደረጃ ሊነካ እንደሚችል፣ ስለዚህ ማስረጃው ልዑካኑ ከተመለሱ በኋላ እንደሚታይ በጨዋ አነጋገር ገለጹላት። መቼ እንደሚመለሱ አልነገሯትም። አንዲት ሴት ባሏ እንዲሞትላት ደጅ ስትጠና በመዝገብ ቤት ባሳለፍኩት ዘመን ሁሉ አይቼ አላውቅም፤ ለዚህ አዲስ ልምድ ባለዕዳዎ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው ቅጽ እቤቴ ድረስ ተላከልኝ። አምስቱም ስሞች ተጽፈዋል፤ ከሁሉም ጎን የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ያመጣችው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ዓይኔን ሳታየኝ፣ «ፈርም አላሉም፣ ባለፈው እንደተደረገው ይደረግ ነው ያሉት፣ ከተደረገም የሴትዮዋ ወረቀት ይፋጠናል» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እስክሪብቶ አንሥቻለሁ። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሁለተኛው አይከብደውም፤ ደግሞም ጤናዬ ቤቷን ታገኛለች ብዬ አሰብኩ። ነገሩ የእርሷ ስለሆነ ግን አስቀድሜ ሄጄ ጠየቅኋት። በንቲ ይቀመጥበት የነበረውን ዱካ አቅርባልኝ ቆማ ሰማችኝ፤ ከዚያም፣ «ጋሼ፣ ለሚሳኤል እንደፈረማችሁለት አንተ ለእሱም ከፈረምክ፣ በንቲ መቼም አይሞትልኝም። ቤቱን ይውሰዱት እንጂ እሱን አይውሰዱብኝ» አለች። ሚሳኤል ሚስት ስላልነበረው እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀንም።

ስለዚህ ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። በስሜ ትይዩ «አይጫወትም» ብዬ ጽፌያለሁ፤ የፍሮምሳን ቦታ ለራሱ ትቻለሁ። በሰዒድ ትይዩ «ድሬዳዋ ነው»፣ በሚሳኤልና በበንቲ ትይዩ ደግሞ «ሞቷል» ብዬ ጽፌ በሁለቱም ላይ በራሴ ስም ፈርሜያለሁ። ባለፈው ዓመት መጻፍ የነበረብኝ ይህ ነበር። ይህን በማድረጌ አዲስ አበባ አንደኛነቷን ብታጣ ድሬዳዋ ትጠቀም፤ ቢያንስ ሰዒድ እዚያ አለ።

የምለምነው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ በንቲ መሞቱን በማኅተም አረጋግጠው ለጤናዬ ከሰኔ 30 በፊት ይስጧት፤ ወይም ደግሞ ሪፖርቱ እውነት ከሆነ፣ በመጪው ቅዳሜ ጨዋታው ሲያልቅ በንቲን ወደ ቤቱ ይላኩላት። ጤናዬ ሁለቱንም በጸጋ ለመቀበል ዝግጁ ናት። እኔና ፍሮምሳም ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከአዳራሹ በር ላይ ቆመን እንሰማለን።

ለሕያዋን የሚሰጡትን አመራር ለሙታንም ሳይነፍጉ፣ በሥራ ብዛት የደከመ ማኅተምዎ ለአንድ ቀን እውነት ለመናገር ብርታት እንዲያገኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውርጄ፣ ወገቤ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የታዛዥ ባንድዎ አባል የነበርኩ
ገሠሠ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጤናዬ፣ ባለችበት ቤት
ለአቶ ሰዒድ፣ ድሬዳዋ
ለአቶ ፍሮምሳ፣ ጎፋ
ለአቶ በንቲና ለአቶ ሚሳኤል፣ በቀበሌው በኩል፤ አድራሻቸውን የሚያውቀው ቀበሌው ስለሆነ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልዑካኑ ከመምጣታቸው በፊት ትራምፔቱ ተወልውሎ እንዲሞከር ማዘዝዎን፣ ሲሞከርም አፉ መጥፋቱ መታወቁን፣ ንብረቱ በአስቸኳይ እንዲመለስ ማሳሰብዎን ሰምቻለሁ። ጤናዬን ጠየቅኋት። ከመገነዙ በፊት ያቺን ብረት በቀኝ እጁ አስጨብጣዋለች። የቀበሌው ንብረት መሆኑን ሁለታችንም አንክድም። የበንቲ መቃብር ከምሥራቁ በር ሲገቡ በስተግራ ነው፤ ለማስወጣት ከፈለጉ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳደር ጠይቄልዎታለሁ፤ መቃብር የሚከፈተው ውስጡ ያለው ሰው መሞቱን ቀበሌው በማኅተም ሲያረጋግጥ ብቻ ነው ብለውኛል።