ሦስተኛው ሴንሰር

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ዓይንዎስ ዛሬም የሬዲዮ ሽቦ ይለያል? የእማዬ ደም ግፊት በረድ አለላት? እህቴስ ከነልጆቿ እንደምን ከረመች? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ስላለኝ ይህችን ዘልያታለሁ።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። "ሁለት ሰው በአንድ ቃል ከመሰከረብህ፣ እሳት በሌለበት ጭስ አይታይምና ጥፋትህን እመን" ብለዋል። የአክስቴ ልጅ ቀድሞኝ እንደደወለልዎ ገባኝ። ለምኜ እዚህ ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ፤ የእጄን አገኘሁ።

የምንጠግነው የባሕር ጠላቂዎችን መተንፈሻ ነው። ሰው ያስወጣውን አየር አጥርቶ፣ የጎደለውን ኦክስጅን ጨምሮ መልሶ ያስተነፍሰዋል። ምን ያህል እንደጎደለ የሚነግሩት ሦስት ሴንሰሮች ናቸው። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪኩን የምትመጥን፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ሬዚስተር አለች። ሁለቱ ከተስማሙ መሣሪያው ሦስተኛውን አይሰማም።

አደጋው በደረሰበት ቀን የሁለቱ ሴንሰሮች ሽቦ ዝጎ ነበር። ከነሬዚስተሩ ልንቀይር ስንል ትክክለኛዋ ሬዚስተር አልቃለች። አለቃችን ቁጥሯ ከፍ ያለ ሌላ አምጥቶ "ይቺን ግጠም፤ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ነው" አለ። ይቺ አትሆንም፣ ንባቡን ከእውነቱ ከፍ ታደርገዋለች፤ ቢያንስ ሴንሰሮቹ እንደገና ተለክተው ይስተካከሉ አልኩት። "ትናንት ተስተካክለዋል፤ አታካብድ" አለኝ። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። በሁለቱም ላይ በየድኳት። አዎ አባባ፣ የበየደው የእኔ እጅ ነው፤ አንዴ ተናግሬ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። ይህን አልክድም።

ደንበኛው ጠላቂ መሣሪያውን ይዞ ባሕር ወረደ። ሁለቱ ሴንሰሮች እኩል ዋሹ፤ ኦክስጅን ሞልቷል አሉ። እውነቱን የተናገረውን ሦስተኛውን መሣሪያው ጣለው፤ ኦክስጅን መጨመሩንም ተወ። ሰውየውን ጓደኛው ጎትቶ አወጣው። ነፍሱ አለች፤ ሚስቱን ግን አያውቃትም።

መርማሪዎቹ ሲመጡ አለቃው "ሳይጠይቀኝ በራሱ ቀየረው" አለ። የአክስቴ ልጅም ያንኑ ደገመ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። በወሩ መጨረሻ ለመጨረሻ ጊዜ ቃላችንን እንሰጣለን። የአክስቴ ልጅ የእርስዎን ቃል አያልፍም፤ ደውለው የሰማኸውን ተናገር ቢሉት ይናገራል። አለዚያ የሁላችንንም ጥፋት ተሸክሜ ወህኒ የምወርደው ብቻዬን ነኝ።

እርስዎ የማንንም ሬዲዮ ሳይለኩ ክዳን አይገጥሙም ነበር። እኔንም "ሁለቴ ለካ" እያሉ ነው ያሳደጉኝ። በገዛ ልጅዎ ላይ ግን አንዴ እንኳ ሳይለኩ ክዳኑን ገጠሙ። ከወህኒው ይልቅ ይህ አንገበገበኝ።

እማዬን ሳሙልኝ፤ ለጊዜው ምንም አይንገሯት። እህቴንና ልጆቿን በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። ለታናሽ ወንድሜ መበየጃዬን ሰጥቼዋለሁ፣ እዚያ ቤት ከተውኩት ሣጥኔ ያውጣው። ለአክስቴም ልጅሽ ደህና ነው በሏት። አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ቃሉን ከሰጠ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ይቺን ግን ለእሷ አይንገሩብኝ።

ልጅዎ

ከወደቡ አጠገብ፣ ከሁለታችን ክፍል
ኅዳር ፱ ቀን