ሳይታጠብ የቀረው መርዝ

ውድ የቀድሞ እጮኛዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው እንጂ፣ አንተን ሳስብ ምራቄ ይመረኛል።

አጎቴን ታውቀዋለህ፤ ያሳደገኝን ልብስ ሰፊ። የሱሪ ልክ ሲወስድ እግር መሀል ሲደርስ ዓይኑን ወደ ግድግዳ የሚያዞረውን ዓይን አፋር። የሠርግ ሱፍህን የለካህ እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ አገኘሁት። ብልቱ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ከቆመ በኋላ አልረግብ ብሎት ነበር። አንሶላ ሲነካው እንኳ ያመው ነበር። ሐኪሙ የታቆረውን ደም በመርፌ ሲስብለት እጁን ይዤ ነበር። ኮቱ ኪስ ውስጥ ጊንጥ የተሳለበትን ብልቃጥህን ሳገኝ ግን ሽንት ቤት ሮጬ አስመለስኩ።

ይህን መርዝ የምናውቀው አብረን ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወንዶች ለጥናት ፈቅደው ከሰጡን የብልት ሥጋ ቀጭን ቁራጭ እየቆረጥን፣ ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ባለበት ቱቦ ውስጥ በመንጠቆ እንሰቅል ነበር። መጀመሪያ በመድኃኒት እናጠብቀዋለን። ከዚያ የጊንጡን መርዝ ጠብ ስናደርግበት በሥጋው ውስጥ ያሉት ነርቮች ይቀሰቀሳሉ፣ ጡንቻው ይላላል፣ ስክሪኑ ላይ የጡንቻውን ውጥረት የሚያሳየው መስመር ቁልቁል ይወርዳል። «ሰው ሁሉ በመጥበቅ የሚቆም ይመስለዋል» እያልክ ትስቅ ነበር። እውነትህን ነበር፤ ደም የሚሞላው ጡንቻው ሲላላ ነው።

ከዚያስ ምን እናደርግ ነበር? እናጥባለን። ውሃውን ደፍተን፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመን እናጥበዋለን፤ ያኔ ጡንቻው ቀስ እያለ ይመለሳል።

ሠርጋችንንም ላቦራቶሪውንም ጥለህ፣ ይህንኑ መርዝ ለወንድነት የሚወጋ መድኃኒት ነው እያልክ የምትሸጥበት ሱቅ ከከፈትክ በኋላ የምታሳየውን ቪዲዮ አየሁት። ቱቦው የእኛው ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አብረን የቀረጽነው። መስመሩ ይወርዳል፣ ወዲያው ተመልሶ ይወጣል። «አያችሁ፣ ሲበቃው ራሱ ይመለሳል» ትላለህ፣ ዓይንህን በጨው ታጥበህ። ስናጥበው የሚታየውን ቆርጠህ አውጥተኸዋል። ሰው ውስጥ እኮ የሚደፋ ውሃ የለም።

አጎቴን ለምን እንዳመነህ ጠየቅኩት። ክርና ቁልፍ የምታመጣለትን ባሏ የሞተባትን ሴትዮ ሊያገባ ነበር፤ ዕድሜው አሳፈረው።

«የለካሁት ሰው አይዋሸኝም ብዬ ነዋ። መርፌ ደግሞ መቼ አዲስ ሆነብኝ?» አለኝ፣ ሊያስቀኝ እየሞከረ።

ጡንቻው ንጹሕ ደም ሳያገኝ ብዙ ስለቆየ ከእንግዲህ እንደማይሠራ ሐኪሙ ነግሮታል። የበላህበትን ወጪት ሰባሪ ነህ። ብልቃጡን በሸጥክለት በዚያው እጅህ ቀለበት እንዳጠለቅክልኝ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጣቴን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ቆዳዬ ተላጠ እንጂ አልጠራልኝም።

ሱፍህ እስከ ትናንት አጎቴ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ የጠመኔው ምልክት እንኳ አልጠፋም። አጎቴ ከሆስፒታል እንደወጣ አወረደውና ስፌቱን ይተረትር ጀመር። ሴትዮዋ ሁሉንም ታውቃለች። አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፎቹን ትለቅም ነበር።

«ቅዳሜ የዚያ ሰውዬ ሱቅ በር ላይ ቆሜ እናገራለሁ» አለኝ ቀና ሳይል።

ምን ብሎ እንደሚናገር ጠየቅኩት።

«የሆንኩትን ነዋ። ሌላው ሳይወጋው።»

የሰውን የሱሪ ልክ እንኳ በሹክሹክታ የሚናገር ሰው ነው ይህን ያለው። እስከዚያው ብልቃጦቹን ሰብስብ፤ የሸጥክላቸውንም እየዞርክ በገዛ አፍህ ንገራቸው። ብታደርገውም ባታደርገውም እሱ አይቀርም። እኔም ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ይዤ ከጎኑ እቆማለሁ። እፍረት ድምፁን ሲዘጋው፣ ካቆመበት እቀጥልለታለሁ።

የልብስ ሰፊው የእህት ልጅ